«እኔ የማጨሰው በርጫ ላይ ብቻ ነው» ላልከኝ የድሬ ልጅ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂው 34 አመቱ ነው፣ ድሬዳዋ ገንደ ቆሬ አካባቢ ባጃጅ ይነዳል። ጠዋት ሲጋራ አያምረውም፣ የሚያጨሰው ከሰአት በርጫ ላይ (ጫት ሊቅም) ሲቀመጥ ብቻ 5 ወይ 6 ፍሬ ነው፣ እሁድ እሁድ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ሺሻ አለ፣ ሺሻው በውሃ ስለሚጣራ ግን እንደ ሲጋራ አይቆጥረውም። አባቱ እድሜ ልካቸውን አጭሰው 80 አልፈው ነው የሞቱት። ሰሞኑን ሲመረቅን (ጫቱ ሞቅ ሲያደርገው) ልቡ ድው ድው እያለ እንቅልፍ ይነሳዋል። ባለቤቱ የ5 ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ በርጫው እቤት ሲሆን ቡና እያፈላች አብራቸው ትቀመጣለች። «ዶክተር እኔ አጫሽ እባላለሁ እንዴ? ይሄ ያህል ይጎዳል? ቬፕስ (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራው) ይሻለኛል?» ነው የሚለው።

አቦ ወንድሜ፣ አዎ፣ አጫሽ ትባላለህ። በቀጥታ ስለነገርኩህ አትቀየመኝ፣ እዚህ ድሬ የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆኖ የሚሰራ ሰው ይቺን «በርጫ ላይ ብቻ» የምትለዋን ነገር ሲሰማት ነው የሚውለው። ሲጋራ ታጨሳለህ? ስትለው «አይ አላጨስም» ይልሃል፣ እሺ ጫት ላይስ? ስትለው «እሱማ ጫት ላይ ማን የማያጨስ አለ» ብሎ ይስቃል። ስለዚህ እኔ አሁን አሁን የጫቷን ጥያቄ አስቀድሜ ነው የምጠይቀው።

አንድ ነገር ልበል መጀመሪያ፣ አመተ ምህረቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ በኛ ሲሆን እነግርሃለሁ።

ብዙ ሰው ሒሳቡን እንዲህ ነው የሚሰራው፣ ፓኮ የሚጨርስ ሰው ሙሉ ጉዳት ካገኘው እኔ ሩብ ፓኮ ስለማጨስ ሩብ ጉዳት ነው የሚደርስብኝ። ለሳንባ ካንሰር ይሄ ሒሳብ ከሞላ ጎደል ይሰራል፣ እዛም ቢሆን በቀን ስንት አጨስክ ከሚለው ይልቅ ስንት አመት አጨስክ የሚለው ነው የሚከብደው። ለልብ ግን ጭራሽ አይሰራም። በ2018 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ 141 ጥናቶችን አንድ ላይ የደመረ ስራ ወጥቶ ነበር፣ ያገኙት ምን መሰለህ፣ በቀን 1 ፍሬ ብቻ የሚያጨስ ሰው፣ 20 ፍሬ የሚያጨሰው ሰው ላይ ከሚጨመረው የልብ ህመም አደጋ ግማሽ ያህሉ ይጨመርበታል። አንዷ ፍሬ ሀያኛውን ሳይሆን ግማሹን ነው ይዛ የምትመጣው። ከዛ በፊትም በ2005 የወጣ የኖርዌይ ጥናት በቀን ከ1 እስከ 4 ፍሬ የሚያጨሱ ሰዎች የልብ ደም ስር ጠቦባቸው የመሞት እድላቸው ከማያጨሱት ወደ 3 እጥፍ ይጠጋል ብሏል። አንተ ደግሞ 5 እና 6 ላይ ነህ፣ ያውም ሺሻውን ሳንቆጥር።

ለምን እንዲህ ሆነ ካልከኝ፣ ደም ውስጥ ፕሌትሌት የሚባሉ ቅንጣቶች አሉ፣ ስትቆረጥ ደሙን የሚያረጉት እነሱ ናቸው፣ ጭስ ሲገባ ያለ ቦታቸው መጣበቅ ይጀምራሉ፣ የደም ስሩ ውስጠኛ ሽፋንም ይቆጣል፣ ይሄን ለማስነሳት ብዙ ጭስ አያስፈልግም፣ ትንሿ ታስነሳዋለች፣ ከዛ በላይ የምትጨምረው እየጨመረ የሚሄደው በትንሽ በትንሹ ነው። ለዚህ ነው «ቀንሻለሁ» የሚለው ነገር ልብ ላይ እምብዛም የማይጠቅመው። መቀነስ መጥፎ ነው እያልኩህ አይደለም፣ ለማቆም መንገድ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ግን 5 ላይ አቁመህ «በቃ ዳንኩ» ማለት አይቻልም ነው የምልህ።

ያንተ ነገር ደሞ ከኖርዌዮቹም ይከፋል፣ ምክንያቱም እነሱ የአወዳይ ጫት የላቸውም። እዚህ ጋር ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም የጥያቄህ ልብ ይሄ ነው። ትኩስ ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል ነገር አለ፣ አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ እጽ ዘመድ ነው፣ መቃም ከጀመርክ ወደ 2 ሰአት ገደማ ላይ ነው ደምህ ውስጥ ጫፍ የሚደርሰው፣ ማለትም ልክ ምርቃናው ሞቅ ሲል። የልብ ምት ይጨምራል፣ ግፊት ይጨምራል፣ የልብን የራሷን ደም ስሮች ያጠባል። በዛችው ሰአት አንተ ሲጋራ ትለኩሳለህ፣ ኒኮቲኑ ደግሞ ያንኑ ስራ ደግሞ ይሰራል፣ ምት ይጨምራል ግፊት ይጨምራል ደም ስር ያጠባል። በላዩ ላይ ከጭሱ ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገባል፣ እሱ ኦክስጅን የሚሸከመውን የደም ክፍል ከኦክስጅን በ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ስለሚይዝ ቦታውን ይቀማዋል። ባጃጅ ስለምትነዳ እንዲህ ልበልህ፣ ነዳጁን ግማሽ ዘግተህ ዳገት ላይ ጋዝ እንደመስጠት ነው፣ ሞተሩ ብዙ ስራ እየተጠየቀ የሚደርሰው ግን እየቀነሰ ነው። ሌላው ሰው 5 ፍሬውን ከጠዋት እስከ ማታ በትኖ ነው የሚያጨሰው፣ አንተ ግን አምስቱንም በ3 እና 4 ሰአት ውስጥ፣ ልብህ በጣም ስራ በበዛባት ሰአት ላይ ነው የምትደራርበው።

ይሄ ደግሞ ወረቀት ላይ ያለ ቲዎሪ ብቻ አይደለም። የመን ውስጥ ጫት እንደኛው ከሰአት ነው የሚቃመው፣ እዛ የልብ ድንገተኛ ህመም ይዟቸው ሆስፒታል የገቡ ሰዎችን ሲያጠኑ ሁለት ነገር ነው ያዩት። አንደኛ የሚቅሙት ሰዎች በበሽታው የመያዝ እድላቸው ከማይቅሙት ከፍ ያለ ነው፣ ብዙ በቃሙ ቁጥርም ይብሳል። ሁለተኛው ነው የሚገርመው፣ በሌላው አለም የልብ ድንገተኛ ህመም በብዛት የሚመጣው ጠዋት ነው፣ የሚቅሙት ላይ ግን ወደ ከሰአትና ማታ ይገፋል፣ ማለትም ወደ በርጫው ሰአት። ድሬ ላይ ማታ ተረኛ ሆኖ የሰራ ነርስ ይሄን ብትነግረው አይደንቀውም።

አሁን ስለ ልብህ ምት። ሲመረቅኑ ልብ መምታት የተለመደ ነው ብለው ጓደኞችህ ነግረውህ ይሆናል፣ አብዛኛውን ጊዜም ካቲኖንና ኒኮቲን ሲደራረቡ የሚመጣ ፍጥነት ነው፣ ግን በወሬ አይታወቅም፣ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ተነሳ፣ ግፊትህን ተለካ፣ የስኳርና የኮሌስትሮል ደም ስጥ። ምቱ ብቻ ሳይሆን ደረትህን የሚጫን ወይ የሚያጨናንቅ ነገር ከመጣ፣ ወደ ግራ እጅ ወይ ወደ መንጋጋ የሚሄድ ከሆነ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካላበህ ወይ ትንፋሽ ካጠረህ «ምርቃናው ሲወርድ ይተወኛል» ብለህ አትጠብቅ፣ ሰው ጥራና ወዲያው ሆስፒታል ሂድ፣ ባጃጁንም ራስህ አትንዳ። ስትደርስም ጫት ቅሜያለሁ በል፣ አትፈር፣ የምንሰጥህን መድሃኒት ይቀይራል።

ወደ ሺሻው ልምጣ። «በውሃ ይጣራል» የሚለው ወሬ እድሜው ረጅም ነው፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ህንድ ውስጥ አንድ የንጉስ ሀኪም ነው ጭሱን በውሃ ቢያሳልፉት ጉዳቱ ይቀራል ብሎ ያመጣው ይባላል፣ እንግዲህ ነገሩን የጀመረው የኛው ሙያ ከሆነ እኛው ብናስተካክለው ተገቢ ነው። ውሃው ጭሱን ያበርደዋል እንጂ አያጣራውም። እንደውም ስለሚበርድ ጉሮሮህን ስለማይፈጅህ ጠልቀህ ረጅም ትስባለህ። የአለም ጤና ድርጅት ያወጣውን ሒሳብ ልንገርህ፣ አንድ ሲጋራ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ትስበዋለህ። ሺሻ ላይ ከ20 እስከ 80 ደቂቃ ትቀመጣለህ፣ ከ50 እስከ 200 ጊዜ ትስባለህ፣ እያንዳንዷ ስቦሽ እስከ 1 ሊትር ጭስ ልትሆን ትችላለች። በዚህ ሒሳብ በአንድ ቁጭታ የምታስገባው የጭስ መጠን 100 ሲጋራና ከዛ በላይ ሊደርስ ይችላል። ከሲጋራ የሚለየው ሌላው ነገር ፍሙ ነው፣ ሲጋራ የራሱን ትምባሆ ነው የሚያቃጥለው፣ ሺሻ ላይ ግን ከሰሉም አብሮ ነው የሚሳበው፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ በአብዛኛው ከሱ ነው የሚመጣው፣ በር ተዘግቶ መጋረጃ ተጋርዶ ሲጨስ «ሺሻው መታኝ» ብሎ ራሱን አዙሮት የሚወድቀው ልጅ የተመታው በሱ ነው። የፖም ሽታ ስለሸተተ ፖም አልሆነም። አንዱን መሳቢያ ቱቦ ለ6 ሰው ማዞሩን ደግሞ ተወው፣ ከመካከላችሁ አንዱ ሳንባ ነቀርሳ ይዞት ገና ያላወቀ ሊሆን ይችላል፣ የሚያጨስ ሰው ደግሞ ራሱ ነቀርሳ የመያዝ እድሉ ከማያጨሰው ወደ 2 እጥፍና ከዛ በላይ ነው፣ እና መስኮት በተዘጋ ክፍል ውስጥ አብራችሁ ለሰአታት ስትቀመጡ አስበው። 2 ሳምንት ያለፈ ሳል ያለበት ጓደኛ ካላችሁ በርጫ ላይ ሳይሆን ጤና ጣቢያ ነው መገናኘት ያለባችሁ።

በነገራችን ላይ ሺሻ በሀገራችን ህግም ክልክል ነው፣ በኛ 2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከልክሎታል፣ የት እንደሚጨስ ግን ሁላችንም እናውቃለን፣ እሱን ልተወው።

ስለ ባለቤትህ። እውነቱን ልንገርህ፣ ከጥያቄህ ውስጥ እኔን ያስጨነቀኝ ካንተ ልብ ይልቅ ይቺ ነገር ናት፣ ምክንያቱም አንተ ቢያንስ መርጠህ ነው። በ1981 ሂራያማ የሚባል ጃፓናዊ ተመራማሪ አንድ ነገር አሳተመ፣ ራሳቸው የማያጨሱ 91,540 ባለትዳር ሴቶችን 14 አመት ተከታትሎ የሲጋራ አጫሾች ሚስቶች በሳንባ ካንሰር የመሞት እድላቸው የማያጨሱ ሰዎች ሚስቶች ላይ ካለው በጣም ከፍ ብሎ አገኘው፣ ባልየው ብዙ ባጨሰ ቁጥርም እየጨመረ ይሄዳል። ሴቶቹ አንድም ፍሬ አፋቸው ላይ አላደረጉም እኮ። የሲጋራ ኩባንያዎች ይሄን ጥናት ለማጣጣል ብዙ ገንዘብና ብዙ ኤክስፐርት አፈሰሱ፣ ከዛ በኋላ የመጡት ጥናቶች ግን ያንኑ ነው የደገሙት። አሁን ላይ የአለም ጤና ድርጅት የሚለው የሌላ ሰው ጭስ «ይሄን ያህል ምንም አይልም» የሚባል መጠን የለውም ነው፣ ሳያጨሱ በሰው ጭስ ብቻ በአመት የሚሞተው ሰው ከ1 ሚሊዮን በላይ ነው።

ነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይዱ በእንግዴ ልጁ አልፎ ልጁ ጋር ይደርሳል፣ ኦክስጅኑን ይቀንስበታል፣ ኪሎው አንሶ የመወለድ እድሉ ይጨምራል። ከተወለደ በኋላ ጭስ ያለበት ቤት ውስጥ ያደገ ህጻን የሳንባ ምች፣ የጆሮ ኢንፌክሽንና አስም ይበዛበታል፣ ተኝቶ ድንገት የመሞት አደጋውም ከፍ ይላል። መስኮት ከፍቼ፣ ፋን አብርቼ፣ እሷ በር ጋር ተቀምጣ የሚባለው አይሰራም፣ የድሬ ፋን አየሩን ያዞረዋል እንጂ አያወጣውም። እና ማቆሙ ለጊዜው ቢያቅትህ እንኳን ከዛሬ ጀምሮ እቤት ውስጥ ሲጋራም ሺሻም አይጨስም፣ እንግዳም ቢሆን፣ ታላቅ ወንድምህም ቢሆን። ሰው ፊት መናገር እንደሚከብድህ አውቃለሁ፣ «ሐኪሙ ከልክሎናል፣ እርጉዝ አለች» በል፣ በኔ አሳብ፣ ድሬ ውስጥ እርጉዝ አለች ተብሎ ደጅ ወጥቶ የማያጨስ ሰው አላየሁም።

አባትህ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ሁሉም ሰው አንድ እንዲህ ያለ አባት ወይ አጎት አለው። በጥናቶቹ የሚታወቀው፣ ሳያቆሙ ከሚያጨሱት ሰዎች እስከ ግማሽ የሚደርሱት በዚሁ ምክንያት ይሞታሉ፣ ያ ማለት ሌላው ግማሽ በሌላ ነገር ነው የሚሞተው፣ አባትህ ከሱ ውስጥ ናቸው። ችግሩ የትኛው ግማሽ ውስጥ እንደሆንክ ቀድሞ የሚነግርህ ምርመራ የለም። እና ደግሞ የምታያቸው የተረፉትን ብቻ ነው፣ በ52 አመቱ የሞተው አጫሽ በርጫ ላይ ቁጭ ብሎ ምሳሌ አይሆንህም። ሪቻርድ ዶል የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1940ዎቹ መጨረሻ ከስታቲስቲክስ ባለሙያው ብራድፎርድ ሂል ጋር ሆኖ ለንደን ውስጥ የሳንባ ካንሰር ታማሚዎችን ሲያጠና መጀመሪያ የጠረጠረው የመኪና ጭስና የአስፋልት ሬንጅ ነበር፣ ቁጥሮቹ ወደ ሲጋራ ሲጠቁሙት ራሱ ስራውን ሳይጨርስ ማጨስ ተወ። ከዛ 34,439 ወንድ የእንግሊዝ ሐኪሞችን ይዞ ከ1951 ጀምሮ 50 አመት ተከታተላቸው። በ2004 ውጤቱ ሲወጣ አጫሾቹ በአማካይ 10 አመት ቀድመው ነው የሚሞቱት። ላንተ ግን የሚጠቅምህ ሌላኛው ቁጥር ነው፣ 30 አመት አካባቢ ያቆሙት አስሩንም አመት ሊባል በሚችል ደረጃ መልሰው አገኙት፣ 40 ላይ ያቆሙት 9 አመት፣ 50 ላይ 6፣ 60 ላይ 3። አንተ 34 ነህ። አሁንም ሒሳቡ ላንተ ነው የሚያደላው።

«እዚህ ሀገር እኮ የሚያጨሰው ሰው ጥቂት ነው» የሚሉም አሉ። ልክ ነው፣ በ2016 በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው አዋቂ ሰው 5 በመቶ ነበር። ግን በዛው አመት አንድ የጃፓን የሲጋራ ኩባንያ የኛን የትምባሆ ድርጅት 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፣ በአመቱ ጨምሮ ከ70 በመቶ በላይ አደረሰው። 5 በመቶ ብቻ ለሚያጨስበት ሀገር ይሄን ያህል ዶላር የሚከፍል ነጋዴ ያያት አምስቷን አይመስለኝም፣ የቀሩትን 95 ነው፣ በተለይ እንዳንተ ጫት ላይ የሚጀምሩትን ወጣቶች። ይሄ የኔ አስተያየት ነው፣ ካልተስማማህ ተወው።

እሺ እንዴት ላቁም ነው። ያንተ ሱስ ከሌላው አጫሽ ይለያል። ጠዋት ስትነሳ ሲጋራ ካላማረህ፣ ረመዳን ላይም ቀኑን ሙሉ ያለ ጭንቀት የምትውል ከሆነ፣ ሰውነትህ ለኒኮቲን ያለው ጥገኝነት ያን ያህል አይደለም ማለት ነው፣ ስለዚህ የሚያንቀጠቅጥ የሚያስበረግግ ነገር ብዙም አይመጣብህም፣ የሚመጣው መነጫነጭም የመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት ከብዶ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይበርዳል። ያንተ ከባዱ ነገር ሌላ ነው፣ አንጎልህ ጫትና ሲጋራን አንድ አድርጎ ተምሯቸዋል፣ ቅጠሉ ጉንጭህ ውስጥ ሲገባ እጅህ ሳታዝዘው ክብሪት ይፈልጋል። «ሲጋራውን ልተው ጫቱን ልቀጥል» ብለው የሚጀምሩት ሰዎች በብዛት የሚመለሱት ለዚህ ነው፣ ፍላጎት አንሷቸው አይደለም። የኔ ምክር ቢያንስ የመጀመሪያውን 1 ወር ሁለቱንም አንድ ላይ ተው፣ እንቅልፉና ድብርቱ ትንሽ ሊያስቸግርህ ይችላል፣ በተለይ የመጀመሪያው ሳምንት ሀራራው ሲመጣ፣ ያልፋል። ከሰአት ከ8 እስከ 11 ያለችዋን ሰአት ባዶ አትተዋት፣ ባጃጅህን ይዘህ ስራ ላይ ሁን፣ ያኔ ነው ወደ ጓደኞችህ ቤት እግርህ የሚወስድህ።

ጫቱን አልተውም ካልከኝም አላባርርህም። እንግዲያው የማይጨስበት ቤት ፈልግ፣ ከማያጨስ ሰው አጠገብ ተቀመጥ፣ ቦታህንም ቀይር፣ በዛችው ፍራሽ ላይ በዛችው ትራስ አትደገፍ፣ ሲጋራ ኪስህ ውስጥ አይኑር፣ ጀብሎው ሲመጣ በፍሬ አትግዛ (በፍሬ መሸጡም ክልክል ነው፣ ግን ማን ሰምቶ)። ማታ ጨብሲ (ምርቃናውን በመጠጥ መስበር) ካለ እሱንም ለጊዜው ዝለለው፣ ቢራ ሁለት ካልክ በኋላ ውሳኔህን የሚያስታውስልህ የለም። ሲጋራውን ትቶ ሺሻውን «በምትኩ» ማለት የሚባል ነገር ደግሞ የለም፣ ያ ማቆም አይደለም።

መድሃኒት አለ ወይ? አለ። ኒኮቲን ማስቲካና ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፓች፣ ቫሬኒክሊን፣ ቡፕሮፒዮን የሚባሉት የአለም ጤና ድርጅት መሰረታዊ መድሃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ፣ እኛ ጋር ፋርማሲ ገብቶ እንደልብ ማግኘት ግን ከባድ ነው። ባንተ መጠን ለሚያጨስ ሰው ያለነሱም ይቻላል። አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ቡፕሮፒዮን ከውጭ ሰው አምጥቶልህ ከጫት ጋር እንዳትወስደው፣ የሚጥል በሽታ አይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣብህ ይችላል፣ ሐኪም ሳያይህ አይሞከርም።

ቬፑን በተመለከተ፣ እዚህ ሀገር መሸጡ በዛው በ2011ዱ አዋጅ ተከልክሏል፣ የሚገባው በኮንትሮባንድ ስለሆነ ውስጡ ምን እንዳለ የሚቆጣጠረው አካል የለም። ቢሆንም ባይሆንም ቅድም የነገርኩህን አስታውስ፣ ልብህን በርጫ ላይ ከሚያስሮጧት አንዱ ኒኮቲን ነው፣ ቬፑ እሱን አያነሳልህም። እንደውም እንደ ሲጋራ አልቆ የሚጣል ነገር ስለሌለው ስንት ጊዜ እንደሳብክ አታውቀውም። ስለዚህ ላንተ አይሆንም።

ኢሲጂውን ስትነሳ ጠዋት ሳትቅም ሂድ፣ ኢጀበናም (የጠዋቷ ጫት) ብትሆን፣ ከዛ ከተቻለ ከሰአት ምቱ በሚያስቸግርህ ሰአት ግፊትህንና የልብ ምትህን ፋርማሲ ወይ ጤና ጣቢያ አስለካና ቁጥሩን ጻፈው፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳናይ ምንም ማለት አይቻልም። ለባለቤትህም የእርግዝና ክትትሏ ላይ ቤት ውስጥ ጭስ እንደነበር ትንገራቸው፣ የልጁን እድገት በአልትራሳውንድ ልብ ብለው ያዩላታል። ውጤቱ ሲመጣ እዚሁ ጻፍልኝ፣ ስምህንና የካርድ ቁጥርህን ሸፍነህ።